በኦቦ ደሬሳ ዛፍ ላይ የቀባሁት ቀይ

ሐሙስ፣ ኅዳር 2። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሱሉልታ

ፕሎት 12 አለቀ። የመጨረሻዋ። ጣቶቼ ቀይ፣ የጫማዬ አፍንጫ ቀይ። አንቺንም ጠርዝሽ ላይ ነክቶሻል ደብተሬ፣ ይቅርታ። ታክሲ እየጠበቅሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

ሥራው እንዲህ ነው፣ በኋላ እንዳልረሳው። የገበሬ ባሕር ዛፍ ውስጥ ገብቼ ሠላሳ በሠላሳ ሜትር እለካለሁ፣ አንድ ፕሎት ማለት ይህ ነው። ሳተላይቷ ከላይ ስታየው አንድ ነጥብ የሚሆንላት ይህን የሚያህል ቦታ ነው። አራቱ ማዕዘን ላይ ያሉትን ዛፎች በደረቴ ልክ ዙሪያቸውን ቀለም እቀባለሁ። ቦታውን በጂ.ፒ.ኤስ. እመዘግባለሁ፣ ውፍረታቸውን እለካለሁ። ከዚያ ከሰማይ የታየውና መሬት ላይ ያለው ይገጥም እንደሆነ ማየት። የማስተርስ ጥናቴ በቃ ይኸው ነው።

ኦቦ ደሬሳ ባይኖሩ ፕሎት 1 ላይ ቀርቼ ነበር። ፕሎት 1 የራሳቸው ዛፍ ነው። የቀሩትን ስድስት ጎረቤቶች በየደጃቸው ይዘውኝ የዞሩት እርሳቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲው የፈቃድ ፎርም ካላስፈረምሽ አይሆንም ስላለኝ፦ ስም፣ የመሬት ስፋት፣ ፊርማ። መጻፍ የማይችል በጣቱ። ኦቦ ደሬሳ "ተማሪ ናት፣ ልጃችን ናት" ይላሉ፣ ሰውየው ይፈርማል። እኔ የቡራዩዋ ልጅ በገበያ ኦሮምኛዬ ከኋላቸው ቆሜ ፈገግ እላለሁ።

ዛሬ ቀለሙ ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ታክሲ ሊያመልጠኝ ነበር። ለትምህርት ምልክት ነው አልኳቸው፣ እየተራመድኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱን ዛፍ መታ መታ አድርገው ሦስት ክረምት ቢጨምር የቤት ቋሚ ይወጣዋል አሉኝ፣ ለጫልቱ ቤት። ጫልቱ ልጃቸው ናት፣ 11ኛ ክፍል። ባሏ ገና አልተገኘም፣ ዛፉ ግን ቆሞ ይጠብቃል ብለው ሳቁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 4። ጠዋት፣ ቡራዩ

አባዬ ሱቅ። ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ቀለም፣ ሲሚንቶ። የተረፈውን ግማሽ ጣሳ መለስኩለት። ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን አየና እንዲህ ያለው ቀለም ዛፍ ላይ ፈሰሰ ብሎ አዘነ። ስወስደው ነጩን ውሰጂ ብሎኝ ነበር። ነጩ አልሸጥ ስላለህ ነው ብዬ አሾፍኩበት።

ቀዩን የመረጥኩት ከሩቅ ስለሚታይ ነው። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀይ እወዳለሁ። በኔ ስክሪን ላይ ቀይ ማለት ጤነኛ ዛፍ ነው። ለዓይን የማይታየውን ብርሃን ቀይ አድርገን ስለምናሳየው ደን ሁሉ ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ ባዶ መሬት ግራጫ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀይ ባየሁ ቁጥር ደስ ሲለኝ ኖሯል።

ከሱቁ ፊት ለፊት ወ/ሮ ብርቄ ዛሬም ብርድ ልብሷን ግድግዳዋ ላይ አስጥታለች። ብርድ ልብሱ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ቤቷ ይፈርሳል ተብሎ የተቀባባትን ቀይ ኤክስ ለመሸፈን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21። ከሰዓት

ሁለት ነገር። አንዱ ክፉ፣ አንዱ ደግ።

ክፉው፦ ስለ ማስተር ፕላኑ ያልተነሳ ሰፈር የለም። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር አንድ ላይ የሚያቅደው ነው። ገበሬው መሬቴ ሊሄድ ነው ይላል። ተማሪው ወጥቷል። የአምቦ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ዋለ። ከግቢ እስከ አሸዋ ሜዳ በእግሬ።

ደጉ፦ ዶ/ር መ. (አማካሪዬ) ቢሮ አስጠራኝ። አውሮፓ ያለ፣ ምድርን በሳተላይት የሚያጠና የሪሞት ሴንሲንግ ላብ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ይፈልጋል፣ ሙሉ ወጪ፣ አራት ዓመት። አነስተኛ የገበሬ ደኖች ላይ የሚሠራ። ይህ ላንቺ የተሰፋ ነው አለኝ። የሁለት ገጽ ጽሑፍና አንድ ካርታ በታኅሣሥ መጨረሻ። ጠንካራ ውጤት ካለሽ ይወስዱሻል አለ።

ጠንካራ ውጤት። የኔ ባሕር ዛፎች ደግሞ ቆመዋል። ምንም አይሆኑም። መቆም ውጤት አይባልም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6

ሱቅ ዝግ። አባዬ የዘጋውን በር ከውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ስልክ ይሠራል፣ ኢንተርኔት የለም። ጫልቱ ትምህርት ቤታቸው ተዘግቷል ብላ ጻፈችልኝ፣ ከክፍሏ ሁለት ልጆች የት እንዳሉ አይታወቅም። አይዞሽ ብዬ መለስኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 11። ጠዋት፣ ግቢ

መጣ! አዲሱ ምስል ወረደ። ደመና የለበትም። ከጥቅምቱ ጎን አስቀመጥኩት። ሱሉልታ ላይ፣ እኔ በሠራሁበት በኩል፣ ቀዩ መሐል ግራጫ ነጥቦች። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ዘጠኝ። በሁለት ወር ውስጥ።

ዶ/ር መ. ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ፍጥነት በአነስተኛ ደን ላይ አላየሁም አለ። ከምድር የተለካ መረጃ አለሽ፣ ከመቆረጡ በፊት ያለው ውፍረት አለሽ፣ ይህን ማን አግኝቶ አለ። ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

አልሐምዱሊላህ። ለምሳ ዓሣ ጋበዝኩት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 12። 4 ሰዓት

ደብተሬ፣ ትላንት የደስታ ስካር ላይ ነበርኩ። ዛሬ ነው የፕሎቶቼን ነጥቦች ከምስሉ ላይ የጫንኩት።

ዘጠኙም ግራጫ ነጥቦች የኔ ፕሎቶች ላይ ናቸው።

በስህተት ይሆናል ብዬ ሦስቴ ጫንኩት። ከፕሎት 3 አጥር ወዲያ ያለው ባሕር ዛፍ ቆሟል። ከ5 ማዶ ያለው ቆሟል። የወደቀው እኔ የቀባሁት ብቻ ነው። ያልተነኩት ሦስት ናቸው፣ 7፣ 8 እና 11። ሦስቱም ወንዝ ዳር ሸለቆ ውስጥ ናቸው። የመስክ ማስታወሻዬን ገልጬ አየሁ፣ በራሴ እጅ እንዲህ ብዬ ጽፌአለሁ፦ "ቀለሙ ከመንገድ አይታይም፣ ስመለስ ለማግኘት ያስቸግራል።"

የወ/ሮ ብርቄ ብርድ ልብስ ነው ዓይኔ ላይ የመጣው።

ቡራዩ ተወልጄ። ቡራዩ አድጌ። ቀይ ቀለም በሰው ንብረት ላይ ሲቀባ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ሳለሁ ጀምሮ አውቃለሁ። በዚህ ወር፣ በዚህ ወሬ መሐል፣ ጂ.ፒ.ኤስ. አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ የመሬታቸውን ስፋት ጽፌ፣ አስፈርሜ፣ ዛፋቸውን ቀይ ቀባሁ። ምን ይበሉ?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 14። ከሰዓት

የኦቦ ደሬሳ ስልክ ዝግ። ጫልቱ አነሳች። ሌላ ጊዜ እንደምትስቀው አልሳቀችም።

ነገሩ እንዳሰብኩት ነው፣ እንዲያውም የባሰ። ቀለሙን ያዩ ሰዎች መሬቱ ተለክቶ አልቋል አሉ። ከሚወሰድብን ቆርጠን እንሽጠው ተባለ። አጣና ነጋዴ መኪና ይዞ መጣ፣ ዛፉን በቁሙ ገዛ፣ በሁለት ሳምንት ጠራርጎ ሄደ። ያልደረሰ ዛፍ ነው፣ ለቤት ቋሚ አይሆንም፣ ለሕንፃ መወጣጫ ነው የሚሸጠው። የአባቷም ተቆረጠ። መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። ጎረቤቶቻቸው ታዲያ አንተ ያልቆረጥከው ተማምነህ ነው፣ ከለኪዋ ጋር ተስማምተሃል ሲሏቸው ቆረጡት።

ይሄን ሁሉ ነግራኝ ስታበቃ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ "ሰሚራ፣ ያቺ ወረቀት የት ነው ያለችው?"

የፈቃድ ፎርሙን ነው። መሳቢያዬ ውስጥ በቁልፍ አልኳት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 21። ከምሽቱ 1 ሰዓት

መንገድ ተከፍቷል፣ ሄድኩ። ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ የገባሁት ሰው በሞላው ታክሲ ነው፣ ማንም አያወራም።

ኦቦ ደሬሳ በር ላይ ተቀበሉኝ። አካም ጅርታ ኢንታላ ኮ አሉኝ፣ ሁልጊዜ እንደሚሉኝ። እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ዛሬ ግን አቃጠለኝ። ወደ ዛፉ ወሰዱኝ። ጉቶ ብቻ። ዝቅ ብዬ አንዱን ጉቶ ነካሁት፣ ውፍረቱን እኔው ነኝ የለካሁት፣ አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር። እንዳላለቅስ ስል ጉቶ ቆጠርኩ። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች አልፈውን ሄዱ፣ ሰላም አላሉንም። ኦቦ ደሬሳ ለእነርሱ ሰላም አሉ። መልስ አልመጣም።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ቀለሙን፣ ሳተላይቷን፣ ሁሉን አስረዳሁ፣ ኅዳር ላይ ማስረዳት የነበረብኝን ያህል ረጅም ጊዜ ወስጄ። እስክጨርስ ታገሡኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፣ ቃላቸውን እንዳለ ልጻፈው፦ "ዛፉን ተይው። ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዕድርተኛው ግን መሬታችንን አስፈርሞ የሰጠብን እሱ ነው ይለኛል። አርባ ዓመት አብሬያቸው ሙት ቀብሬያለሁ። እሑድ ዕድር አለ። መጥተሽ በራስሽ አፍ ንገሪልኝ።"

እመጣለሁ አልኩ። በልቤም እመጣለሁ ብዬ ነበር፣ ወላሂ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 24። ከቀኑ 11 ሰዓት

አልሄድኩም።

ጽሑፉ ነገ ነው የሚላከው። ካርታው ላይ ሰሜን ጠቋሚዋን እንኳ አላስገባሁም ነበር። ጠዋት ለጫልቱ ታክሲ የለም ብዬ ጻፍኩላት። ጠዋት በእርግጥ አልነበረም፣ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ግን ታክሲው ሲጠራ ከመስኮቴ እሰማዋለሁ፣ "አዲሱ ገበያ፣ አዲሱ ገበያ" ሲል። መስኮቱን ዘጋሁት።

ፈራሁም። ሃምሳ ገበሬ መሐል ቆሜ በተሰባበረ ኦሮምኛ። ይህን ለሌላ ሰው አልነግርም፣ ላንቺ ግን ልንገርሽ፣ የታክሲው ነገር ሽፋን ነበር።

ጫልቱ ከሰዓት መለሰች። አባቷ ለኔ ብለው አጠገባቸው ቦታ ይዘው ነበር። ስብሰባው እስኪያልቅ ያች ቦታ ባዶ ነበረች። አንዱ ተነስቶ ለኪዋስ የት አለች አለ፣ ሰዉ ሳቀ።

ካርታው አልቋል። ያምራል። ራሴን ታዘብኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 5። ከሰዓት

ቃለ መጠይቅ፣ በዶ/ር መ. ቢሮ፣ በኮምፒውተር። ሁለት ፕሮፌሰሮች፣ ጨዋዎች። ኢንተርኔቱ ሁለቴ ተቆርጦ ታገሡኝ። ሴትዮዋ ጠየቀች፦ መንስኤው ምንድን ነው? ምን ቢሆኑ ነው ገበሬዎቹ እንዲህ በአንድ ጊዜ የቆረጡት?

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሁለት መልስ አዘጋጅቼ ነበር የገባሁት፣ አንድ እውነት፣ አንድ ግማሽ እውነት።

መሬታችን ይወሰድብናል ብለው በመስጋታቸው ነው አልኩ። አልዋሸሁም። ሥጋቱን ማን እንደ ቀለም እንደቀባባቸው ግን አልተናገርኩም። ሴትዮዋ ጻፈችው። በጣም ጠቃሚ ነው አለች።

ሰኞ፣ ጥር 16

ተቀበሉኝ። ኢሜይሉን አራት ጊዜ አነበብኩት። ለአባዬ ስነግረው ሱቅ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ለስላሳ ከፈተ። ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው ይላል፣ ምስማር ሊገዛ የመጣውን ሳይቀር። ማስተር ፕላኑም ቀርቷል መባሉ ሲወራ ሰንብቷል። ሰዉ ፊት ላይ ትንሽ እፎይታ። እንግዲህ የደስታ ቀን ነው።

አስኮ ላይ ታክሲ ስቀይር አንድ ሕንፃ እየተሠራ ነው፣ አራት ፎቅ፣ ዙሪያውን አጣና። እንዲሁ ቀና አልኩ። ሦስተኛው ፎቅ አካባቢ፣ አንዱ አጣና ላይ፣ ቀይ ቀለበት።

በጣቴ ሳልጠርጋት የቀረች የቀለም ጠብታ አለችበት፣ ከታች ሆኜም ትታየኛለች። የኔ ናት። አናጢው ቆሞባት ይሠራል። ታክሲው ሞልቶ ሄደ፣ ሁለተኛውም ሄደ። ቆሜ ቀረሁ።

ይህ ለጫልቱ ቤት ቋሚ ይሆን ነበር? የሌላ ጎረቤት ዛፍ ይሆናል። ከዘጠኙ የየትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ የማን እጅ እንደቀባው ግን አውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 24። ጠዋት

ስምንት ቀን አልጻፍኩልሽም። የመቀበያ ፎርሙ ፊርማዬን ይጠብቃል። እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ሰው ስታስፈርሚ ቀላል ነው።

ለዶ/ር መ. ሁሉን ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። መረጃው አልዋሸም አለኝ፣ ዛፉ ተቆርጧል፣ ሳተላይቷም አይታዋለች። በግርጌ ማስታወሻ አንድ መስመር ጨምሪና እለፊ። ይህን ዕድል ስንት ሰው ይመኘዋል መሰለሽ አለ። ልክ ነው፣ መረጃው አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ማታ ለአባዬም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። የሱቁን ደብተር ዘጋ፣ ዓይኑን አሸ። ነጩን ውሰጂ ብዬሽ ነበር አለኝ፣ አንዴ ብቻ። ቀጥሎ የዚያ ሰውዬ ዕድር መቼ ነው አለኝ። እሑድ አልኩ። ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ አለ። ታሞ እንኳ ሱቅ የማይዘጋ ሰው። አንተ ምን ልትሆን ትመጣለህ ስለው፣ ቀለሙ የኔ ነው አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 28። 10 ሰዓት

ኢሜይሉን ላክሁት። ለፕሮፌሰሮቹ፣ ግልባጭ ለዶ/ር መ.። አጭር ነው። ካርታውን ከነነጥቦቹ አያይዤ ከሥሩ ይህን ጻፍኩ፦ ከአሥራ ሁለቱ ፕሎቶች በዘጠኙ ዛፎቹ የተቆረጡት አጥኚዋ በቀባችው ቀይ ምልክትና በሰበሰበችው ፊርማ ምክንያት ነው፤ በቃለ መጠይቁ ይህን አልተናገርኩም። ቦታውን ለሌላ ሰው ብትሰጡት አልከፋም አልኩ። ይህ የመጨረሻው ውሸት ነው፣ እከፋለሁ። በጣም እከፋለሁ። አውሮፓ ያለውን ላብ በሕልሜ ሳይቀር አይቼዋለሁ፣ መስኮቱ ትልቅ ነው።

ከዚያ መሳቢያዬን ከፍቼ ሰባቱን የፈቃድ ፎርሞች አወጣሁ። ኮፒ አላደረግኩም። ለባለቤቶቻቸው እመልሳለሁ። ዩኒ. የት አደረስሻቸው ካለኝ ያኔ መልስ እሰጣለሁ።

ለጫልቱ ደወልኩ። ነገ ብዬ ስጀምር ታክሲ አለ እንዴ? አለችኝ። ይገባኛል። በእግሬም ቢሆን አልኳት። ሊነገር የሚገባውን በኦሮምኛ አስጽፊኝ አልኳት። አንዱን ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ አስደገመችኝ፣ ልሳኔ እየተንተባተበ፣ እየሳቀችብኝም። ከታኅሣሥ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

እሑድ፣ ጥር 29። ጠዋት፣ አዲሱ ገበያ

ታክሲ ውስጥ። አባዬ ከፊት፣ ኮቱን ለብሷል፣ የዒድ ኮቱን። ፎርሞቹ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው፣ በየአምስት ደቂቃው እነካቸዋለሁ። ስልኬን አጥፍቻለሁ፣ ከአውሮፓ መልስ መጥቶ ከሆነም ስመለስ አየዋለሁ።

የጫልቱን ዓረፍተ ነገር መዳፌ ላይ ጽፌዋለሁ። ዶጎጎሪ ከን ኮቲ። ጥፋቱ የኔ ነው። በእስክሪብቶ፣ በሰማያዊ። ላቤ ሊያጠፋው ነው፣ እንዳይጠፋ እዚህም ልጻፈው ብዬ ነው፣ ዶጎጎሪ ከን

ሞልቷል፣ ተነሳን